ቀብድ፣ ደላላና ዋስ በመተማ ገበያ

አንድ ሰው ዕቃ ለመግዛት ተስማምቶ፣ ከዋጋው ጥቂቱን በደላላ በኩል አስቀድሞ ከሰጠ በኋላ ግዢው ቢፈርስ፣ ያ ገንዘብ የማን ይሆናል? ነገሩ ሲታይ የገበያ ጭቅጭቅ እንጂ ለታሪክ ምርመራ የሚበቃ አይመስልም። ስለ ነጋዴዎች መንገድ፣ ስለ ቀረጥ ኬላና ስለ ዕቃው ዓይነት ብዙ ተጽፏል፤ ንግዱ በፈረሰ ጊዜ ገንዘብ ወደ ባለቤቱ በምን መንገድ እንደሚመለስ ግን የመረመሩት ጥቂቶች ናቸው። የገበያ ጽናት የሚፈተነው ግን ስምምነት በሰመረበት ቀን ሳይሆን በፈረሰበት ቀን ነው። የደረሰበትን ጥፋት የሚያስመልስበት መንገድ የሌለው ነጋዴ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ አይመጣምና።

ለዚህ ጥያቄ ከመተማ የተሻለ የመመርመሪያ ስፍራ በኢትዮጵያ ምድር ማግኘት ያስቸግራል። በመተማ የተገናኙት ሻጭና ገዢ በቋንቋና በሃይማኖት ብቻ አልተለያዩም፤ የፈረሰ ግዢ ቀብድ ለማን እንደሚገባ የሚወስነው ሕጋቸውም አንድ አልነበረም። በአንደኛው ሕግ ቀብድ የጸጸት ዋጋ ነው፤ የተጸጸተ ገዢ ያጣዋል። በሁለተኛው ሕግ ግን ቀብድ ከዋጋው የተከፈለ ክፍል እንጂ ሌላ አይደለም፤ ግዢው ካልተፈጸመ ወደ ሰጪው መመለስ አለበት። ሁለቱም ሕጎች ጥንታውያን ናቸው፤ ሁለቱም በመጽሐፍ የተጻፉ ናቸው፤ ሁለቱም በዳኛ ፊት ይቆማሉ።

መተማ ከጎንደር ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ በጭልጋና በወህኒ በኩል ወደ ምዕራብ ሲወርዱ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። በዘመነ መሳፍንትና ከዚያም በኋላ ከጎንደር ወደ ስናርና ወደ ካርቱም የሚሄደው ንግድ በዚች በር ያልፍ ነበር። ከኢትዮጵያ በኩል ቡና፣ ሰም፣ ማር፣ ወርቅ፣ ፈረስ፣ በቅሎና ባሪያ ይወርዳል፤ ከሱዳን በኩል ጥጥ፣ የባሕር ማዶ ጨርቅ፣ ዶቃና ማርትሬዛ ብር ይመጣል። የከተማዪቱ ነዋሪዎች በብዛት ተክሩር የሚባሉት ነበሩ፤ እነርሱም ከዳርፉርና ከዚያ ወዲያ ካለው የምዕራብ አፍሪካ አገር ወደ መካ ለመሳለም ሲመላለሱ በዚያ የቀሩ ሰዎች ልጆች ናቸው። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. በዚያ ሲያልፍ ያገኛቸው በሼህ ጁማ ሥር ሆነው ነው። ሼህ ጁማ ለኢትዮጵያ ንጉሥም ለግብጽ መንግሥትም ይገብር ነበር። ለሁለት ጌታ መገበር ለሌላ አገር ነውር ሊሆን ይችላል፤ ለመተማ ግን የኑሮ ዘዴ ነበር። ከተማዪቱ ራሷ በሁለት መንግሥታት መካከል የቆመች ደላላ ነበረች ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

በዚህ ላይ የአየሩ ጠባይ ይታከላል። ክረምት ሲገባ መንገዱ ይጨቀያል፤ ወንዞች ይሞላሉ፤ ንዳድ ይነሣል። የደጋ ሰው በዚያ ወራት ወደ ቆላ መውረድን ይፈራል። ስለዚህ የመተማ ንግድ የበጋ ንግድ ነበር። በግንቦት ቀብድ ሰጥቶ ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ዕቃውን ሳይረከብ ሰኔ ከገባ፣ ነገሩ ለወራት ተንጠልጥሎ ይቆያል። ሻጩ በቅሎዋን ለሌላ ሸጦ ይሆን፣ በቅሎዋ ሞታ ይሆን፣ ደላላውስ በከተማው ይገኝ ይሆን፣ ገዢው የሚያውቀው መስከረም ከጠባ በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት በመተማ የቀብድ ነገር ሁልጊዜ ከጊዜ ነገር ጋር የተያያዘ እንደ ነበር መገመት ይቻላል።

ሕጎቹን ከማየት በፊት ቃላቱን መመልከት ይጠቅማል፤ የገበያው ታሪክ በስሞቹ ውስጥ ተቀምጧልና። ‹ደላላ› ዐረብኛ ነው። ‹ቀብድ› የሚለውም ቃል መያዝን፣ መጨበጥን፣ መረከብን ከሚያመለክተው ከዐረብኛው ‹ቀብድ› ጋር አንድ ነው። በእስልምና የሕግ መጻሕፍት ይህ ቃል ገዢው ዕቃውን በእጁ ማስገባቱን የሚገልጽ የታወቀ ስም ነው። አማርኛ ግን የገንዘቡን መጨበጥ ብቻ ወስዶ አስቀድሞ ለሚሰጠው ገንዘብ መጠሪያ አደረገው። ዐረቦች ራሳቸው ይህን ገንዘብ የሚጠሩት ‹ዑርቡን› ወይም ‹ዐረቡን› ብለው ነው፤ ይኸውም ቃል በዕብራይስጥም ይገኛል፤ ከሴማውያን ነጋዴዎች ወደ ግሪክ ቋንቋ ‹አራቦን› ሆኖ ገብቷል፤ ከግሪክም ወደ ላቲን ተሻግሮ ‹አራ› ተብሏል። በግዕዝም ‹ዐረቦን› የሚለው ቃል በመጻሕፍት የታወቀ ነው። እንግዲህ የጎንደር ሊቅና የስናር ነጋዴ በአንድ ቃል ይጠሩት የነበረውን ነገር የአማርኛ ገበያ በሌላ የዐረብኛ ስም ጠራው። ‹አረቦን› በበኩሉ ዛሬ ከገበያው ወጥቶ ለመድን የሚከፈል ገንዘብ ስም ሆኖ ቀርቷል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ከግዕዙ ‹ዋሕስ› የመጣው ‹ዋስ› ብቻ የአገር ቤት ቃል ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ወደ ታች ይታያል።

በሮማውያን ሕግ የቀብድ ነገር የተወሰነው ቀደም ብሎ ነው። በሶርያ ምድር በ5ኛው መቶ ዓመት የተጠናቀረው የሶርያና የሮማ የሕግ መጽሐፍ፣ ከዚያም ዩስቲንያኖስ ንጉሠ ነገሥት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ528 ዓ.ም. ያወጣው ሕግ፣ ፍርዱን በአጭሩ ያስቀምጣሉ፤ ገዢው ከስምምነቱ ቢወጣ ቀብዱን ያጣል፤ ሻጩ ቢወጣ እጥፉን ይመልሳል። ይህ ሚዛን ነው፤ ሁለቱም በእኩል ዋጋ ሊጸጸቱ ይችላሉ። የሶርያና የሮማ የሕግ መጽሐፍ ወደ ዐረብኛ ተተርጉሞ በግብጽ ክርስቲያኖች ዘንድ ይሠራበት ነበር። አስ ሳፊ ኢብን አል ዐሳል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1238 ዓ.ም. የሕግ ስብስቡን ሲያዘጋጅ ለሥጋዊው ክፍል ከምንጮቹ አንዱ ይኸው መጽሐፍ ነበር። ይህ ስብስብ ወደ ግዕዝ ተተርጉሞ ፍትሐ ነገሥት ተባለ፤ የመጣውም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደሆነ በትውፊት ይነገራል። በዚህ መንገድ የሮማውያን የንግድ ሕግ መንፈስ ሮማዊ ወታደር ወዳልረገጠው ወደ ጎንደር አደባባይ ደረሰ።

በእስልምና ሕግ የቀብድ ነገር ሌላ መልክ አለው። የመዲናው ኢማም ማሊክ በታወቀው በሙወጣእ መጽሐፋቸው ስለ ግብይት የሚናገረውን ክፍል የሚጀምሩት ነቢዩ የቀብድን ሽያጭ መከልከላቸውን በሚናገር ቃል ነው። ቀጥለውም ክልከላውን በምሳሌ ያብራራሉ። አንድ ሰው ባሪያ ቢገዛ ወይም የመጓጓዣ እንስሳ ቢከራይ፣ ጥቂት ገንዘብ አስቀድሞ ሰጥቶ ‹ከወሰድሁት ከዋጋው ይታሰብ፤ ከተውሁት ላንተ ይቅር› ብሎ ቢዋዋል፣ የተከለከለው ይህ ነው። ምክንያቱም ሻጩ ምንም ሳይሰጥ የሌላውን ገንዘብ ይበላል፤ መጨረሻውም አስቀድሞ አይታወቅም። ግዢው ቢፈርስ ገንዘቡ ይመለሳል ተብሎ የተሰጠ ቀብድ ግን በማሊካውያን ዘንድ ነውር የለበትም። የሐነፊና የሻፊዒ ሊቃውንትም በክልከላው ይስማማሉ። ከአራቱ የሕግ ትምህርት ቤቶች የፈቀደው የሐንበል ወገን ብቻ ነው፤ የሚጠቅሰውም ታሪክ የኸሊፋ ዑመር ሹም ከኡመያ ልጅ ከሰፍዋን በመካ ለእስር ቤት የሚሆን ቤት በ4000 ድርሃም እንደ ገዛና፣ ዑመር ባይስማማ 400 ለሻጩ እንዲቀር እንደ ተዋዋለ ነው።

የኢማም ማሊክ ምሳሌ ባሪያና የመጓጓዣ እንስሳ መሆኑ ለመተማ አንባቢ ከሩቅ የመጣ ምሳሌ አይደለም፤ ሁለቱም የዚያ ገበያ ዋና ዕቃዎች ነበሩ። ሰውን ከበቅሎ ጋር በአንድ አንቀጽ ያስቀመጠው ሕግ የዘመኑን ገበያ እንዳለ ያሳያል፤ በመተማ መንገድ የወረዱት ሰዎች ግን በራሳቸው ላይ የተሰጠው ገንዘብ ተመለሰም ተበላም ለእነርሱ ለውጥ አልነበረውም። በዚያ አገር ደግሞ የማሊክ ትምህርት እንግዳ አይደለም። ተክሩሮች የመጡበት ምዕራብ አፍሪካም የስናር መንግሥት የነበረበት ሱዳንም የማሊክን መንገድ የሚከተሉ ናቸው። ግብጽ ሱዳንን ከያዘች በኋላ መንግሥት ያቆማቸው ቃዲዎች በሐነፊ ሕግ ቢፈርዱም፣ በቀብድ ነገር ፍርዱ አልተለወጠም።

እንግዲህ አንድ የደንቢያ ባላገር በቅሎ ነድቶ መተማ ቢወርድና የገዳሪፍ ነጋዴ አሥር ማርትሬዛ ቀብድ ሰጥቶት በኋላ ሐሳቡን ቢለውጥ፣ ባላገሩ ‹ቀብዱ በሕግ የእኔ ነው› ቢል በራሱ ሕግ አልተሳሳተም። ነጋዴውም ‹የእኔን ገንዘብ በከንቱ ልትበላ ነው› ቢል በራሱ ሕግ አልተሳሳተም። ይህ ለማስረዳት የቀረበ ምሳሌ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ ሕጎች በተገናኙበት ገበያ ሁሉ መነሣቱ የማይቀር ክርክር ነው። ደላላው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ስለ ደላላ ሲነገር ዋጋ የሚያናግርና ቋንቋ የሚያስተረጉም ሰው ብቻ ተደርጎ ይታሰባል፤ እንዲህ ያለው አስተያየት የሥራውን ግማሽ ብቻ ያያል። የድንበር ደላላ የሚያስተረጉመው ቋንቋን ብቻ ሳይሆን ሕግን ነው።

ለዚህ ሥራ የተመቸው ማን እንደ ነበር ማየት አያስቸግርም። የጎንደር የሩቅ ንግድ በአብዛኛው በእስላም ነጋዴዎች እጅ ነበረ፤ በጎንደርም አዲስ ዓለም የሚባለው ሰፈር መኖሪያቸው ነበር። ጀበርቲው አማርኛ የአፍ መፍቻው ነው፤ ዐረብኛ የጸሎትና የንግድ ቋንቋው ነው። በሃይማኖቱ ከሱዳኑ ነጋዴ ጋር አንድ ሕግ አለው፤ በአገሩ ደግሞ በክርስቲያን ዳኛ ፊት ቆሞ መሟገት የለመደ ነው። ክርስቲያኑ ሻጭ ያውቀዋል፤ እስላሙ ገዢ ያምነዋል። መሬት በርስት መያዝና መሾም በብዙ ስፍራ የተከለከለው ይህ ወገን በሁለት ሕጎች መካከል መኖርን ሀብቱ አደረገው።

ይሁን እንጂ ደላላው በመካከል በገባ ቁጥር አዲስ ጥያቄ ይወለዳል። ገንዘቡን የተቀበለው ደላላው ከሆነና ሻጩ እጅ ገና ካልደረሰ፣ ግዢው ሲፈርስ የሚጠየቀው ማን ነው? የእስልምና ሕግ ሊቃውንት በዚህ ብዙ ደክመዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ963 ዓ.ም. የሞተው የቱኒስ ምድር ማሊካዊ ሊቅ አቡል ዐባስ አል ኢብያኒ ስለ ደላሎች ጉዳይ ብቻ የሚናገር መጽሐፍ ጽፏል። በመሠረቱ ደላላ ባለ አደራ ነው፤ በእጁ ያለው ያለ ጥፋቱ ቢጠፋ አይከፍልም። በኋላ የመጡ ማሊካውያን ግን የደላሎች ክፋት በበዛበት ስፍራ የሕዝብን ገንዘብ ለመጠበቅ ሲባል ደላላው ተጠያቂ ይሁን እስከ ማለት ተከራክረዋል። የከተማ ሰው ለገጠር ሰው እንዳይሸጥለት የሚከለክለውንም የነቢይ ቃል፣ ኢብን ዐባስ ‹ደላላ አይሁንለት› ማለት ነው ብለው ተርጉመውታል። ደላላን የማይጠረጥር ሕግ የለም፤ ያለ ደላላ የሚቆም የድንበር ገበያም አይገኝም።

በኢትዮጵያ በኩል ይህን ጥርጣሬ የሚያስታግሠው ዋስ ነበር። ከብት ሲሸጥ ከብቱ የሌባ እንዳልሆነ የሚያረጋግጥ ዋስ ይጠራል፤ ገንዘብ ሲበደሩ ዋስ ይጠራል፤ በፍርድ ሲቀርቡ ዋስ ይጠራል። ዋስ የሌለው ሰው ከባለ ዕዳው ጋር በሰንሰለት ይቆራኝ እንደ ነበር ብዙ መንገደኞች ጽፈዋል። ይህ ቁራኛ የሚባለው ሥርዓት ባለ ገንዘቡንም ዕዳ ያለበትንም አብሮ የሚያስር በመሆኑ ለባዕድ ሰው ያስገርማል፤ ዓላማው ግን ግልጽ ነው፤ ከሳሽና ተከሳሽ ሳይለያዩ ዳኛ ፊት እንዲደርሱ ነው። በንጉሥ አምላክ ተብሎ የተጠራ ሰው ባለበት ይቆማል፤ መንገደኛው ዳኛ ይሆናል፤ ክርክሩ በመንገድ ዳር ይጀመራል። ቀብድ የተበላበት ሰው በደጋው ገበያ ያለው መሣሪያ ይህ ነበር። የነጋዴዎች አለቃ የሆነው ነጋድራስም ቀረጥ ከመሰብሰብ ሌላ በነጋዴዎች መካከል የሚነሣውን ክርክር ይዳኝ ነበር፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ይህ የነጋድራስ ዳኝነት እየጠነከረ ሄዷል።

ነገር ግን የንጉሥ ስም የሚያቆመው ንጉሡን የሚያውቀውን ሰው ነው። ዕዳ ያለበት ሰው የንጉሡ ኀይል ከማይደርስበት ከተሻገረ ሰንሰለቱም፣ የመንገድ ዳኛውም፣ ነጋድራሱም አብረውት አይሻገሩም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከጎንደር በ1764 ዓ.ም. ተነሥቶ በዚሁ ቆላ፣ በራስ ፊል በኩል ወደ ስናር በሄደ ጊዜ የደረሰበት ይህን ያሳያል። በስናር ገንዘብ ይሰጠኛል ብሎ የተማመነበት ነጋዴ ስለ ነሣው፣ ከኢትዮጵያ ንጉሥ የተሸለመውን የወርቅ ሐብል ቀለበት ቀለበቱን እየፈታ ሸጦ ለመንገዱ ስንቅ አወጣ። በያዘው ደብዳቤ ላይ የተጻፈው ስም በስናር ዋስ የሚሆነው አላገኘም። ስለዚህ በድንበር ንግድ ዋሱ በዕዳ ተጠያቂው አገር የሚኖር፣ ቤትና ዘመድ ያለው፣ ሊሸሽ የማይችል ሰው እንዲሆን ግድ ነው። በሶማሌ ጠረፍ አባን የሚባለው የነጋዴ አስተናጋጅ ለእንግዳው በአንድ ጊዜ ባለ ቤት፣ ጠባቂ፣ ደላላና ዋስ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

በመተማ በር ያለፈው ትልቁ የፈረሰ ውል ግን የበቅሎ ወይም የጥጥ አልነበረም። የብሪታንያ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ በመተማ በኩል መጥቶ በ1858 ዓ.ም. ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ደረሰ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የፈለጉት ጥበበኞችንና መሣሪያን ነበር፤ ብሪታንያ የፈለገችው የታሰሩትን ሰዎቿን ነበር። በዚያው ዓመት ሚስዮናዊው ፍላድ ጥበበኞችን ለማምጣት ወደ እንግሊዝ ተላከ። ጥበበኞቹ ተቀጠሩ፤ ዕቃውም ተገዝቶ እስከ ምጽዋ መጣ። ከዚያ አልዘለለም። ብሪታንያ እስረኞቹ ሳይፈቱ ጥበበኞቹን አልሰጥም አለች፤ ንጉሠ ነገሥቱም ጥበበኞቹ ሳይደርሱ እስረኞቹን አልለቅም አሉ። በገበያ ቋንቋ ሲነገር፣ አንዱ ወገን መያዣውን ይዞ ዕቃውን ይጠብቃል፤ ሌላው ዕቃውን ይዞ መያዣውን ይጠብቃል። ሁለቱም የሚያምኑት፣ ሁለቱንም የሚይዝ ሦስተኛ ሰው አልነበረም። ራሳም አስታራቂ ሊሆን መጥቶ ራሱ መያዣ ሆነ። ጥበበኞቹ ከምጽዋ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ነገሩም በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ በጦር ተፈጸመ።

የመተማ ገበያ ራሱ ብዙ ሳይቆይ በጦርነት ተመታ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1879 ዓ.ም. ወርደው ከተማዪቱን አቃጠሉ፤ መሐዲስቶች በተራቸው በ1880 ዓ.ም. ሳር ውኃ ላይ ድል አድርገው ጎንደርን ዘረፉ፤ ዐፄ ዮሐንስ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ቆስለው ሕይወታቸው አለፈ። በእነዚህ ሦስት ዓመታት በጎንደርና በመተማ መካከል የነበረው የነጋዴ መተማመን ምን ያህል እንደ ተቆረጠ ለመገመት ብዙ ማስረጃ መቁጠር አያሻም፤ ዋስ የሆነው ሰው ከሞተ፣ ቤቱም ከተቃጠለ፣ ቀብድ የሚጠየቅበት ደጅ የለም።

ንግዱ እንደገና የተነሣው በሌላ ሁኔታ ነው። በ1894 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክና በብሪታንያ መካከል በተፈረመው ውል ወሰኑ ተወሰነ፤ በሚቀጥለው ዓመት ቻርልስ ግዊን የሚባል የእንግሊዝ መኮንን በምድሩ ላይ አሰመረው። ወሰኑ ሱዳኖች ኾር በሚሉት፣ በበጋ በሚደርቅ ትንሽ ወንዝ ላይ ስላለፈ አንዱ የገበያ ስፍራ ሁለት ሆነ፤ በኢትዮጵያ በኩል መተማ፣ በሱዳን በኩል ገላባት። ከዚህ በፊት ለሁለት ጌታ የገበረው ከተማ ከእንግዲህ ሁለት ፖሊስ፣ ሁለት ጉምሩክና ሁለት ፍርድ ቤት ኖረው። የሱዳን ባቡር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. ገዳሪፍ ሲደርስ የገላባት ንግድ ይበልጥ ወደዚያ አዘነበለ።

በዚህ ዘመን በቀብድ ሕግ ላይ የደረሰው ለውጥ አንባቢ ሊጠብቀው የሚችለውን ያህል ቀላል አይደለም። እንግሊዞች በሱዳን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ባወጡት የፍትሐ ብሔር ፍርድ ድንጋጌ ዳኞች በፍትሕ፣ በርትዕና በመልካም ኅሊና እንዲፈርዱ አዘዙ፤ ይህም በተግባር ለእንግሊዝ ሕግ በር ከፈተ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን በጋብቻ፣ በውርስና እነዚህን በመሰለው ተወሰነ። በእንግሊዝ ሕግ ከውሉ የወጣ ገዢ ቀብዱን ያጣል፤ ሻጩ ቢወጣ ግን እጥፍ እንዲመልስ አይገደድም። እንግዲህ በወንዙ በሁለቱም በኩል፣ ገዢው በተጸጸተ ጊዜ ፍርዱ አንድ ዓይነት ሆነ። ሁለቱ ሕጎች የተቀራረቡት ወሰኑ በተለየበት በዚያው ዘመን ነው። የወንዙን ማዶ ነጋዴ ኅሊና ግን ድንጋጌ አይለውጠውም፤ በመንግሥት ፍርድ ቤት የማያገኘውን ገንዘብ በሃይማኖቱ እንደሚገባው የሚያምን ሰው ወደ ዳኛ ከመሄድ ወደ ሽማግሌና ወደ ደላላ መሄድን ይመርጣል።

በኢትዮጵያ በኩል የተጻፈው ሕግ የታደሰው በ1952 ዓ.ም. ነው። ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይደነግጋል። ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው፤ ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ይመለሳል ወይም ከዋጋው ይታሰባል፤ ቀብድ ሰጪው ውሉን ሊያፈርስ ቢወድ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ሊያፈርስ ቢወድ እጥፉን ይከፍላል። ይህ በፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1590 ያለው ደንብ ነው፤ የፈረንሳዩም ሥሩ ከሮማ ነው። ብዙዎች አዲሱን ሕግ ከውጭ የመጣ እንግዳ አድርገው ይናገሩበታል፤ በቀብድ ነገር ግን እንግዳው በሩቅ መንገድ የመጣ ዘመድ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የንግድ ሕግ ደግሞ ደላላን ሁለት ወገኖችን ለውል የሚያገናኝ፣ ለራሱ ቆሞ የሚሠራ ነጋዴ አድርጎ ቆጠረው። ይህ አስተያየት ለቀብድ ክርክር ትልቅ መዘዝ አለው። ደላላው የሻጩ ወኪል ካልሆነ፣ በእጁ የገባው ቀብድ ሻጩ እጅ ገባ ለማለት ያስቸግራል፤ ስለዚህ እጥፍ የሚከፍል ሻጭ ለማግኘት ገዢው አስቀድሞ ደላላው ለመቀበል ሥልጣን እንደ ነበረው ማስረዳት አለበት። በቃል ብቻ በሚነግድ ገበያ ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም። ዋሱ ከአዲሱ ሕግ በኋላም ያልጠፋው በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

በሱዳን በኩል ነገሩ እንደገና ዞሯል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ግብይት ሕግ የሸሪዓን መሠረት መለሰ። የሸሪዓም አስተያየት በበኩሉ ባለበት አልቆመም፤ የእስልምና ጉባኤ ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ በ1993 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በብሩናይ ባደረገው ስብሰባ፣ የመጠበቂያው ጊዜ ከተወሰነ የቀብድ ሽያጭ የተፈቀደ ነው ብሎ ወሰነ። አንድ ሺህ ዓመት የቆየው የብዙኃኑ ሊቃውንት ክልከላ በጊዜ ገደብ መላላቱ፣ ክረምት መንገዱን ይዘጋበት ለነበረው ለመተማ ነጋዴ አባቶቹ ያውቁት የነበረ ቁም ነገር ነው።

በኢትዮጵያ የደላላን ሥራ በጥናት የመረመሩት ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ናቸው። በእህል ገበያ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ደላሎች በሩቅ ያሉ ነጋዴዎችን በተወሰነ ክፍያ እንደሚያገናኙ፣ ነጋዴውም ከአንድ ደላላ ጋር ረጅም ጊዜ እንደሚቆይ፣ ክርክር በፍርድ ቤት የሚያልቀው ከስንት አንድ ጊዜ እንደሆነ አሳይተዋል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የተመሠረተው በእርሳቸው መሪነት ነው። የመተማ ቆላ ዛሬ የታወቀበት ሰሊጥም ወደዚህ ገበያ ገባ፤ ምርት ገበያው በመተማ መጋዘን አቆመ። በአሠራሩ ሻጩ እህሉን አስቀድሞ በመጋዘን ያስገባል፤ ገዢው ገንዘቡን አስቀድሞ በባንክ ያስቀምጣል፤ ሁለቱንም ይዞ የሚያለዋውጠው ምርት ገበያው ነው። ራሳም በምጽዋና በመቅደላ መካከል ያጣው ሦስተኛ ያዥ ይህ ነው ማለት ይቻላል፤ እንዲህ በሆነበት ስፍራም ቀብድ የሚባል ነገር አያስፈልግም።

የቁም ከብት ግን በምርት ገበያው አይሸጥም። በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲነዳ የኖረው ከብት የሚሸጠው በደላላ አገናኝነት፣ በፊት ለፊት ንግግር ነው፤ ሻጩና ገዢውም የወንዙ ሁለት ማዶ ሰዎች ናቸው። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ቁጥር 1885 ቅጣቱን ከመናገሩ በፊት ተዋዋዮቹ በሌላ መንገድ ካልተስማሙ በቀር ይላል። ቀብዱ ይመለሳል ወይስ ይቀራል፣ ቢመለስስ ከሻጩ ነው ወይስ ከደላላው፣ እስከ መቼስ ይጠበቃል የሚለው ሁሉ ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ከመሻገሩ በፊት በምስክር ፊት ሊነገር የሚችለው በዚህ ክፍት ቦታ ነው።